ባለኮከቧ መኪና ዋጋዋን ታወጣለች?

መርካቶ በብረታ ብረት ንግድ ያረጁ አንድ የምናውቃቸው ሰው ከጥቂት ዓመታት በፊት ያገለገለች ማርቼዲስ ኢ-ክላስ ገዙ። ሊብሬው በስማቸው በዞረ ዕለት ደላላው፣ «ጋሼ፣ እርስዎ የገዙት መኪና አይደለም፤ ንብረት ነው» ሲል አሞገሳቸው። በዚያው ሰሞን ታናሽ ወንድማቸው ከእሳቸው ባልራቀ ገንዘብ አንዲት ያገለገለች ቶዮታ ራቭ ፎር ገዛ። ሁለት ዓመት ቆይተው ወንድማማቾቹ በአንድ ጊዜ ገንዘብ አስፈለጋቸውና ሁለቱንም መኪኖች ለገበያ አወጡ። ራቭ ፎሯ ሳምንት ሳይሞላት ከተገዛችበት ዋጋ በላይ ሄደች። ማርቼዲሷ ግን አራት ወር ቆመች። የመጡት ገዢዎች ሁሉ ዙሪያዋን ዞረው፣ በሯን ከፍተውና ዘግተው፣ የበሩን ድምፅ አድንቀው ይሄዳሉ። ያው ደላላ ሲጠየቅ፣ «ጋሼ፣ የጀርመን መኪና ገዢው የታወቀ ሰው ነው፤ እስኪመጣ መታገሥ ነው» አለ።

በመኪና ገበያችን የጀርመን መኪና ነገር ሲነሣ ክርክሩ ሁልጊዜ የሚያዘነብለው ወደ ጥራቱ ነው። አንዱ «እንደ ጀርመን ማን አለ» ይላል፤ ሌላው «እስፔር ፓርት የለውም» ይላል። ሁለቱም እውነት አላቸው። ነጋዴን የሚመለከተው ጥያቄ ግን ከዚህ ይለያል። በእኛ ከተማ መኪና የሚገዛው ለመሄጃ ብቻ አይደለም። እንደ ወርቅ፣ እንደ ቦታና እንደ ቤት ገንዘብ የሚቀመጥበት ነው። ስለዚህ መታየት ያለበት መኪናዋ ምን ያህል ትመቻለች የሚለው ሳይሆን፣ የተቀመጠባትን ገንዘብ በፈለጉት ቀን ትመልሳለች ወይ የሚለው ነው።

በአውሮፓም ሆነ በአሜሪካ ውድ መኪና ገንዘብ ማስቀመጫ ሆና አታውቅም። የማርቼዲስ ኤስ-ክላስ ወይም የቢኤምደብሊው ሰቨን ሲሪየስ አዲስ የገዛ ሰው በአምስት ዓመት ውስጥ ከዋጋዋ ከግማሽ በላይ እንደሚያጣ አውቆ ነው የሚገዛው። ብዙዎቹም በኪራይ ውል ስለሚይዟት ውሉ ሲያልቅ መልሰው ይሄዳሉ፤ ኪሳራው በወርሃዊ ክፍያው ውስጥ ተሰልቶ ገብቷል። ወደ ዱባይ ገበያ፣ ከዚያም ወደ እኛ ስትመጣ የነበረችውም ይህቺው ዋጋዋን አንድ ጊዜ አራግፋ የጨረሰች መኪና ናት። የመጀመሪያው ባለቤት የከሰረውን እኛ አተረፍን ብለን እንገዛታለን። ችግሩ ጉምሩክ በር ላይ እንደገና አዲስ ዋጋ ትለብሳለች።

ሞተሯ ከ1800 ሲሲ በላይ ለሆነ የቤት መኪና ለብዙ ዓመታት ሲሠራበት የኖረውን ስሌት እናስታውስ። መኪናዋ ከነመጓጓዣዋና ከነመድኗ አንድ ሚሊዮን ብር ወጣባት እንበል። 35 በመቶ የጉምሩክ ቀረጥ ሲጨመር 1 ሚሊዮን 350 ሺህ ይሆናል። ኤክሳይስ ታክሱ 100 በመቶ ነበር፤ የሚሰላውም ቀረጡን ጨምሮ ስለሆነ ሒሳቡ 2 ሚሊዮን 700 ሺህ ይገባል። 15 በመቶ ተጨማሪ እሴት ታክስ ሲገባበት 3 ሚሊዮን 105 ሺህ፣ 10 በመቶ ሱር ታክስ ሲታከልበት ደግሞ 3 ሚሊዮን 415 ሺህ 500 ብር ይደርሳል። 3 በመቶ ቅድመ ግብሩ ለብቻው ነው። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ደግሞ ባገለገሉ መኪኖች ላይ በዕድሜያቸው መጠን ሸክሙን አከበደው።

እንግዲህ ከዚህ ሁሉ ገንዘብ ውስጥ መኪናዋ አንድ ሚሊዮኑ ብቻ ናት። ሁለት ሚሊዮን አራት መቶ ሺህ የሚሆነው ለመንግሥት የተከፈለ ነው። ቶዮታ የሚገዛ ሰው ይህን ታክስ ከፍሎ ገብቶ፣ ሲሸጥ ከሚቀጥለው ገዢ መልሶ ይቀበላል፤ ቀጣዩም ከቀጣዩ። ታክሱ እንደ ዕቁብ ገንዘብ ከእጅ ወደ እጅ ይዞራል። ይህ የሚሆነው ግን የሚቀጥለው ገዢ እንደሚገኝ ሁሉም ስለሚያምን ነው። የጀርመን መኪና ላይ ይህ እምነት ላላ ያለ ነው። ገዢው ስለ ዋጋ ሲነጋገር የሚያስበው ስለ ታክሱ ሳይሆን ካምቢዮዋ ቢበላሽ ስለሚጠየቀው ገንዘብ ነው። ስለዚህ የተከፈለው ታክስ ከፊሉ በመጀመሪያው ገዢ እጅ ላይ ይቀራል። መርካቶ ያሉት ነጋዴ የከሰሩት ይህን ነው፤ መኪናቸው አንድ ቀን እንኳ መንገድ ላይ አላስቀረቻቸውም።

ሁሉም የጀርመን መኪና ግን እንዲህ አይደለም፤ እዚህ ላይ የዕድሜ ነገር ይመጣል። እ.ኤ.አ. ከ1976 እስከ 1986 ገደማ የተሠራችው፣ መካኒኮች በፋብሪካ ቁጥሯ 123 የሚሏት ማርቼዲስ ወደ 2 ነጥብ 7 ሚሊዮን የሚጠጋ ቁጥር ተሠርታለች። የናፍጣ ሞተሯ ያለ ኮምፒውተር የሚሠራ፣ በመፍቻና በጆሮ የሚጠገን ነበር። አንድ የግሪክ ታክሲ ነጂ በ1976 የተሠራች፣ ከእሷ አንድ ትውልድ የምትቀድም 240 ዲ ማርቼዲሱን፣ ሞተሮቿን እያፈራረቀ፣ 4 ነጥብ 6 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ነድቶ እ.ኤ.አ. በ2004 ለኩባንያው ሙዚየም አስረክቧታል። ቀጥላ የመጣችው 124 እና ታናሿ 190 ም በዚሁ መንፈስ የተሠሩ ናቸው። «ጀርመን አይበላሽም» የሚለው የከተማችን አባባል የተወለደው ከእነዚህ መኪኖች ነው። ዛሬም ሊብሬዋና ቦዲዋ ንጹሕ የሆነ 124 ያለው ሰው ገዢ አያጣም፤ ብዙ ጊዜም መሸጥ አይፈልግም። ቮልስም እንዲሁ ናት። መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱን ከቤተ መንግሥት ይዛ የወጣችው ያቺ ትንሽ የጀርመን መኪና፣ ቅንጦት የሚባል ነገር ሳይኖርባት ከስንት ባለኮከብ መኪና የተሻለ ዋጋዋን ጠብቃለች።

አባባሉ የተወለደው በእነዚህ ነው፤ አሁን እየተሸጠበት ያለው ግን በሌሎች ነው። እ.ኤ.አ. ከ1990ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ የጀርመን ፋብሪካዎች ውድድሩን በኤሌክትሮኒክስ አደረጉት። ኤስ-ክላስ በሞላ ፋንታ አየር የሚነፋ ሰስፔንሽን ይዛ መጣች። አየሩ ከረጢት ሲሰነጠቅ መኪናዋ አድራ ሆዷን መሬት ላይ አድርጋ ትገኛለች። በ2002 የወጣችው ኢ-ክላስ ፍሬኗ በኮምፒውተር የሚታዘዝ ሆነ፤ ኩባንያው በ2004 680 ሺህ ያህል፣ በሚቀጥለው ዓመት ደግሞ ለፍሬንና ለሌሎች ጉድለቶች 1 ነጥብ 3 ሚሊዮን መኪኖችን ለጥገና ጠራ። በ2006 ፍሬኑ ወደ ቀድሞው ዓይነት ተመለሰ። በዚያው ዘመን የመጣው ባለ ስድስት ሲሊንደር የቤንዚን ሞተር፣ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት በተሠሩት ላይ፣ ውስጡ ያለች አንዲት ጥርስ ያላት ማመጣጠኛ ቀድማ ትበላ ነበር። ጥርሷ ራሷ ብዙ ዋጋ የላትም፤ እሷን ለመቀየር ግን ሞተር መውረድ አለበት።

ቢኤምደብሊውም የራሱ ጣጣ አለው። ከሁለት ሺህዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ ያሉት ብዙዎቹ የውኃ ማቀዝቀዣ ክፍላቸው ፕላስቲክ ስለሆነ፣ መቶ ሺህ ኪሎ ሜትር ገደማ ሲደርስ መሰንጠቅ ይጀምራል። ባለቤቱ ሙቀቱን ልብ ሳይል ጥቂት ከነዳት ቴስታታው ይጣመማል፤ ከዚያ ወዲያ ያለው ሒሳብ ሌላ ነው። እ.ኤ.አ. በ2007 የጀመረው ባለ ሁለት ሊትር የናፍጣ ሞተሩ ደግሞ የጊዜ ሰንሰለቱ የተቀመጠው ከኋላ በካምቢዮ በኩል ነው። ሰንሰለቱ ሲላላ የሚሰማው ድምፅ ትንሽ ነው፤ ለመድረስ ግን ካምቢዮ ወይም ሞተር ማውረድ ግድ ነው።

እነዚህ ጉዳቶች በጀርመን አገር ኪሳራ አይባሉም። እዚያ መኪናዋ በዋስትና ጊዜዋ ትጠገናለች፤ ዋስትናው ሲያልቅ ትሸጣለች። የሁለተኛና የሦስተኛ ባለቤት ዕዳ ናቸው። እኛ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ሦስተኛና አራተኛ ባለቤት ነን።

በዚህ ላይ አዲስ አበባ የራሷን ትጨምራለች። ከተማዋ ከባሕር ወለል በላይ ከ2300 ሜትር በላይ ከፍ ብላ የተቀመጠች በመሆኗ፣ ቱርቦ የሌለው ሞተር ከጉልበቱ አምስተኛውን ወይም ከዚያ በላይ ያጣል። በወረቀት 200 የፈረስ ጉልበት ብሎ የገዛ ሰው እንጦጦ ዳገት ላይ 160 ብቻ ያገኛል። ቱርቦ ያለው ሞተር ይሻላል፤ ቱርቦው ግን ያንኑ አየር ለመሰብሰብ አብዝቶ መሽከርከር አለበት። የናፍጣዎቹ ጢስ ማጣሪያ ደግሞ ዝቅተኛ ድኝ ያለው ናፍጣና ረጅም የፈጣን መንገድ ጉዞ ይፈልጋል። ከቦሌ ፒያሳ በመጨናነቅ ውስጥ የሚመላለስ ሰው ማጣሪያው እንዲቃጠልና እንዲጸዳ ዕድል አይሰጠውም። ሰፊ ቸርኬና ስስ ጎማ ያላት መኪና ጉድጓድና የፍጥነት መቀነሻ ላይ ስትወድቅ ስንት እንደሚያስወጣ ደግሞ እያንዳንዱ ባለቤት ያውቀዋል።

የመለዋወጫው ጉዳይ «የለም» በሚል ቃል ብቻ የሚዘጋ አይደለም። ይገኛል። ተክለ ሃይማኖትና ሶማሌ ተራ የሚሠሩ ሰዎች የማያመጡት ነገር ጥቂት ነው። ጥያቄው በስንት ቀንና በስንት ዓይነት ጥራት የሚለው ነው። ለኮሮላ አንድ ዕቃ ስትጠየቅ ሱቅ ውስጥ ኦሪጅናሉ፣ ሁለተኛ ደረጃውና የተፈታው ሦስቱም ተደርድረው ዋጋ ይነገርሃል። ለቢኤምደብሊው ግን የሻንሲ ቁጥር ተልኮ ከዱባይ መልስ ይጠበቃል። ያንኑ ሞዴል አንድ ዓመት ልዩነት ብቻ ኖሮት ዕቃው የማይገጥምበት ጊዜ ብዙ ነው። አንዳንዱ ዕቃ ከተገጠመ በኋላም ከመኪናዋ ኮምፒውተር ጋር በፕሮግራም ካልተዋወቀ አይሠራም። በከተማችን ይህን የሚችሉ መካኒኮች አሉ፤ ጥሩዎቹ ግን በጣት የሚቆጠሩ ስለሆኑ ዋጋቸውን ያውቃሉ። አንዳንድ መኪና የሚሸጠው ከነመካኒኩ ስልክ ቁጥር ነው፤ ይህ ቀልድ አይደለም፤ ብልህ ገዢ መጀመሪያ የሚጠይቀው ይህንኑ ነው።

የምንዛሪው ለውጥ ይህን ሁሉ አባባሰው። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ አንድ ዶላር በባንክ 57 ብር ገደማ ነበር፤ ዓመት ሳይሞላው ከ130 ብር በላይ ሆነ። ዕቃው በዶላር የሚመጣ ስለሆነ የጥገናው ወጪ ወዲያው ተከትሎ ወጣ። የመኪናዋ ዋጋም በብር ወጥቷል፤ ነገር ግን የጥገናው ወጪ ከእሷ ዋጋ በላይ ከሮጠ ገዢው ያንን አስልቶ ነው የሚመጣው። እግረ መንገድ አንድ ነገር እናስታውስ። መኪናዋን ከሦስት ዓመት በፊት በነበረ ዋጋ ኢንሹራንስ እያደሰ የሚኖር ሰው፣ ጉዳት ቢደርስበት የመድን ድርጅቱ የሚከፍለው ባስመዘገበው ዋጋና በገበያ ዋጋ መካከል ባለው ንጽጽር ልክ ነው። ግማሽ ዋጋ ያስገባ ግማሽ ካሣ ይቀበላል። ውድ መኪና የያዙ ብዙዎች ይህን የሚያውቁት ጋራዥ ከገቡ በኋላ ነው።

በጥር 2016 ዓ.ም. የትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሚኒስቴር በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሉን ካስታወቀ ወዲህ ገበያው መልኩን ለወጠ። በአንድ በኩል ያሉት የነዳጅ መኪኖች እንደ ቋሚ ክምችት ሆኑ። ይህን ያዩ አንዳንድ ደላሎች፣ «ከእንግዲህ ማርቼዲስ አይገባም፤ ያለው ይወደዳል» እያሉ ይሸጣሉ። ለ124 ዓይነቱ ነገሩ ሊሠራ ይችላል። ለኋለኞቹ ግን እኛ እንጠራጠራለን። አዲስ መኪና ካልገባ የሚፈታም መኪና አይኖርም፤ ከተፈታ መኪና የሚገኘው ርካሽ መለዋወጫም ይደርቃል። በቁጥር ጥቂት የሆነ ሞዴል በዚህ ቀድሞ ይጎዳል።

በሌላ በኩል የኤሌክትሪክ መኪናው መጣ። በ2014 ዓ.ም. በወጣው የታክስ ማበረታቻ የኤሌክትሪክ መኪኖች ከኤክሳይስ፣ ከተጨማሪ እሴትና ከሱር ታክስ ነፃ ሲሆኑ፣ ተገጣጥመው ለሚገቡት የጉምሩክ ቀረጡ 15 በመቶ ነበር። ከላይ ባየነው ምሳሌ አንድ ሚሊዮን ብር የወጣባት መኪና በዚያ ስሌት 1 ሚሊዮን 150 ሺህ ብር ብቻ ትሆናለች ማለት ነው። ተመኑ በየጊዜው ስለሚለዋወጥ ገዢ በገዛበት ወር ያለውን ከጉምሩክ ማረጋገጥ አለበት። ዋናው ነገር ግን ቀድሞ 3 ሚሊዮን 400 ሺህ የተከፈለባት የጀርመን መኪና ከዚህች ጎን ለጎን ቆማ መሸጥ አለባት። ዋጋዋን ደግፎ ያቆመው ታክሱ ነበር፤ ለተፎካካሪዋ ሲነሣላት ድጋፉ ተናጋ።

የጀርመን ስም ይዘው ከቻይና የሚመጡትንም ለይቶ ማየት ያስፈልጋል። በከተማችን በብዛት የሚታየው የቮልስዋገን አይዲ 6 የተሠራውም የሚሸጠውም ለቻይና ገበያ ብቻ ተብሎ ነው። የኋላ ድጋፉና የሶፍትዌር አገልግሎቱ እዚያው ነው። ጥሩ መኪና አይደለችም ማለታችን አይደለም። ገዢዋ ግን የጀርመን ዋስትና ገዛሁ ብሎ ማሰብ የለበትም። ትልልቆቹ ባለ ባትሪ ማርቼዲሶችና ፖርሾች ደግሞ በውጭ አገር ከነዳጆቹ ይልቅ ፈጥነው ዋጋ ሲጥሉ ታይተዋል። ርካሽ አገኘሁ ብሎ ለሚያመጣቸው ሰው ያ ርካሽነት ራሱ ምክንያት እንዳለው ቢያውቅ ይጠቅመዋል።

ታዲያ ማን ይግዛ? የመኪናዋን ግማሽ ዋጋ እንደ ወጪ ቆጥሮ ሊረሳው የሚችል ሰው ይግዛ። መንገድ ላይ ያላት አያያዝ፣ በአደጋ ጊዜ ያላት ጥንካሬ፣ የወንበሯ ምቾት ውሸት አይደለም፤ ረጅም መንገድ የሚሄድ ሰው ወገቡ ይመሰክራል። ለነጋዴ ደግሞ ሌላ ጥቅምም አላት። ማርቼዲስ ይዞ የመጣ ደንበኛ ዱቤ ሲጠይቅ ሌላ ፊት ይታያል፤ ይህ በመርካቶ የታወቀ ነው። ግብር ገማቹም ያንኑ ፊት እንደሚያይ ግን መርሳት አይገባም። ገንዘቡን ለሁለት ዓመት አስቀምጦ ሊያነሣ የፈለገ ሰው ኮከቧንም አራቱን ቀለበትም ይተዋቸው።

የሚገዛ ሰው ቢያንስ ሦስት ነገር ላይ ይጠንቀቅ። ኪሎ ሜትሩን በዳሽቦርዱ ብቻ አይመን፤ በእነዚህ መኪኖች ኪሎ ሜትር ከአንድ በላይ ኮምፒውተር ውስጥ ስለሚመዘገብ፣ ስካነር ያለው መካኒክ በአንዱ የተቀነሰውን በሌላው ያገኘዋል። ከኤምባሲና ከዓለም አቀፍ ድርጅት ሠራተኞች የሚሸጡት ብዙ ጊዜ ጥሩ የተያዙ ናቸው፤ ነገር ግን ቀረጥ ያልተከፈለባቸው ከሆኑ ስም ከመዞሩ በፊት ቀረጡን ማን እንደሚከፍል በጽሑፍ ይያዝ። ሞተሩን ደግሞ ጠዋት ሳይሞቅ ሄዶ ያስነሣ። ሻጩ «ቀድሜ አሙቄ ጠብቄሃለሁ» ካለው፣ ማግስቱን በሌላ ሰዓት ይመለስ። የሰንሰለቱ ድምፅ የሚሰማው በዚያች የመጀመሪያ ደቂቃ ነው።

የመርካቶው ነጋዴ ማርቼዲሳቸውን አልሸጧትም። በወረደ ዋጋ ከምሰጥ ብለው ነጭ ቀለም አስቀቧትና ለሠርግ ያከራዩዋት ጀመር። ጥር ሲገባ ቅዳሜና እሑድ ቤት አትውልም፤ በአበባ ተሸፍና ጧት ትወጣለች። ባለፈው ሲያገኙን፣ «አሁን እንኳ የጥገናዋን ትችላለች» አሉን። ከሐምሌ እስከ ነሐሴ ግን ሸራ ለብሳ ግቢያቸው ውስጥ ትቆማለች፤ ወንድማቸውም በመሸጡ ገንዘብ ሌላ ቶዮታ ገዝቷል።